የአርቲስቲክ ዋናተኛን ትንፋሽ በምን እንለካው?

ባለፈው መስከረም ልጄን ከልምምድ ልወስዳት ስሄድ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ቤት እስክንደርስ አንድም ቃል አልተናገረችም። እራት ቀርቦ እናቷ «ምን ሆንሽ?» ብላ ስትጠይቃት ነው በአካል ብቃት ፈተናው ከአሥራ አራት ልጆች አሥራ ሦስተኛ መውጣቷንና በዚሁ ምክንያት ከዋናው ቡድን ወደ ተጠባባቂዎቹ መዛወሯን የነገረችን። ፈተናው የተሰጠው በጂምናዚየም ወለል ላይ ነበር። ልጆቹ በ20 ሜትር ርቀት ላይ በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መካከል ድምፅ በተሰማ ቁጥር እየተመላለሱ ይሮጣሉ፤ ድምፁም እየፈጠነ ይሄዳል። ልጄ የምትወዳደረው ግን በአርቲስቲክ ዋና ነው፤ ቀድሞ ሲንክሮናይዝድ ዋና ይባል በነበረው፣ በሙዚቃ ታጅቦ ገንዳ ውስጥ በሚቀርበው ስፖርት።

ሩጫን የማቃልል ሰው አይደለሁም። ወደ ሜሪላንድ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት የስፖርት ሳይንስ ተምሬ ለጥቂት ዓመታት የመካከለኛ ርቀት ሯጮችን አሠልጥኛለሁ። እኛ አሠልጣኞች ስለ አንድ ልጅ «ትንፋሽ አለው» ካልን ልቡ፣ ሳንባውና ጡንቻው ተባብረው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይዝሉ መሥራት ይችላሉ ማለታችን ነው። በዚያ ምሽት ያስጨነቀኝ ይኸው ቃል ነበር። ልጄ የተፈተነችው በትንፋሽ ነው፤ ነገር ግን በእርሷ ስፖርት ትንፋሽ ማለት ሯጩ እንደልቡ ስቦ የሚያስወጣው ነገር አይደለም፤ ሥራው በከበደበት ሰዓት የሚከለከል፣ ለአፍታ ብቻ የሚገኝ፣ ከዚያም እንደገና የሚያዝ ነገር ነው። እርሷም በማግሥቱ ይህንኑ በራሷ አነጋገር ነገረችኝ፦ «አባዬ፣ ሩጫው ላይ እግሬ ነው የደከመው። ውሃ ውስጥ የሚደክመኝ ሌላ ቦታ ነው።»

የመመላለስ ሩጫው በራሱ ጥሩ ፈተና ነው። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ሲሆን፣ በብዙ አገሮች በሚሠራበት መልኩ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጀምሮ በየደቂቃው 0.5 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ሯጩ ካቆመበት ደረጃ ተነሥቶ ሰውነቱ በከፍተኛ ጥረት ላይ ሳለ በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ይገመታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሃያ ልጆችን በአንድ ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ ከድምፅ ማጫወቻና ከመለኪያ ሜትር በቀር ምንም አይፈልግም። ለእግር ኳስ ተጫዋች ቢሰጥ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ለዋናተኛ፣ ያውም በውሃ ውስጥ ተዘቅዝቃ እግሮቿን ወደ ሰማይ ለምትዘረጋ ዋናተኛ፣ የቡድን ቦታ መወሰኛ መደረጉ ላይ ነው።

ለዚህ ቅሬታ ከሁሉ የበለጠ መሠረት የሚሰጠኝ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ የቆየ ጥናት ነው። 15 ወንዶች ለ10 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን ለ1 ሰዓት ያህል ዋና ብቻ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀማቸው በሁለት መንገድ፣ ማለትም እየዋኙና በትሬድሚል ላይ እየሮጡ ተለካ። በዋና ሲለኩ አቅማቸው 11 በመቶ ገደማ አድጎ ተገኘ፤ በሩጫ ሲለኩ ግን ዕድገቱ 1.5 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ይህም ከመለኪያ ስሕተት የማይለይ ነው። እነዚያን ሰዎች በትሬድሚል ብቻ የፈተነ አሠልጣኝ ቢኖር «አሥር ሳምንት በከንቱ አለፈ» ብሎ ይደመድም ነበር። ልብ አንድ ቢሆንም ኦክስጅኑን ተቀብሎ የሚሠራው ጡንቻ ሌላ ነው፤ በውሃ የሠለጠነ ጡንቻ ደግሞ ማደጉን የሚያሳየው በውሃ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ገንዳው ልግባ። የአርቲስቲክ ዋና ትርኢት እንደ ዓይነቱ ከ2 ደቂቃ እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። በሩጫ ቋንቋ ብናየው ከ800 እስከ 1500 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ የሚወድቅ ጥረት ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል የማመንጨት አቅም ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ከዚህ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የዋናተኛዋ ፊት ከውሃ በታች ነው። ዋናተኛዋ የገንዳውን ወለል ሳትነካ ተዘቅዝቃ፣ መዳፎቿን እንደ መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች ሰውነቷን ታነሣለች። ቀና ስትል ደግሞ እግሮቿ እየተፈራረቁ በክብ ይረግጣሉ፤ ይህ አረጋገጥ የእንቁላል መምቻን ስለሚመስል በእንግሊዝኛው ኤግቢተር ይባላል፣ የውሃ ፖሎ ተጫዋቾችም የሚቆሙት በእርሱ ነው። ሁለቱም እጆቿ ከውሃ በላይ ሲሆኑ ክብደታቸውን የሚሸከሙት እግሮቿ ብቻ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ፊቷ ላይ ድካም እንዲነበብባት አይፈቀድላትም።

ፊት ውሃ ውስጥ ሲገባና ትንፋሽ ሲያዝ ሰውነት ከአጥቢ የባሕር እንስሳት ጋር የሚጋራውን የመጥለቅ ምላሽ ያሳያል። የልብ ምት ይቀንሳል፤ ወደ እጅና እግር የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ያለው ኦክስጅን በቅድሚያ ለአንጎልና ለልብ ይቆጠባል። በአንጻሩ ከባድ የጡንቻ ሥራ ልብ በፍጥነት እንዲመታ ያስገድዳል። የአርቲስቲክ ዋናተኛ ሰውነት በእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች መካከል የተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስፔን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ዋናተኞችን የልብ ምት በውድድር ላይ ሳሉ መዝግበው ሲያወጡ መስመሩ መጋዝ የሚመስል ሆኖ ተገኘ፦ ራስ ከውሃ ሲወጣ ወደ ከፍተኛው ጣሪያ ይጠጋል፣ ራስ ሲጠልቅ ወደ ታች ያሽቆለቁላል፣ እንደገናም ይወጣል።

ይህ ለፈታኙ ትልቅ ወጥመድ ነው። ሯጮችን ሳሠለጥን የልብ ምት ቁጥር የጥረቱን ልክ ይነግረኝ ነበር፤ ዝቅ ካለ ሥራው ቀሏል፣ ከፍ ካለ ከብዷል ማለት ነው። እዚህ ግን ዋናተኛዋ በጣም በተጨነቀችበት ቅጽበት ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። የልጄን የመጀመሪያ ምዝገባ በኮምፒውተር ከፍቼ ሳየው መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። በኋላ ከቪዲዮው ጋር አመሳክሬ ሳየው እያንዳንዱ ቁልቁለት እግሮቿ ከውሃ በላይ ከታዩበት ጊዜ ጋር ገጠመ። ለሚሞክሩት ሰዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፦ የእጅ ሰዓት በውሃ ውስጥ በዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ላይ አያስተማምንም፤ የብሉቱዝ ምልክትም በውሃ ውስጥ አይዘልቅም። የሚሻለው በዋና ልብሱ ሥር ደረት ላይ የሚታሰር፣ መረጃውን በራሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ ቀበቶ ነው።

ታዲያ ምን አማራጭ አለ? በቤተ ሙከራ ደረጃ ውሃው ራሱ እንደ ጅረት የሚፈስበት ሰው ሠራሽ ገንዳ አለ፤ ዋናተኛው በቦታው እየዋኘ የሚያወጣው አየር ይለካል። በመደበኛ ገንዳም ከጋዝ መለኪያ ጋር የተገናኘ የመተንፈሻ ቱቦ ለብሶ መዋኘት ይቻላል። ሁለቱም ለፈጣን ዋና ተስማሚ ናቸው፤ ተዘቅዝቃ ለምትሠራ ልጅ ግን ቱቦው እንቅስቃሴውን ይከለክላል፣ ከዚህም የከፋው እንደፈለገች እንድትተነፍስ ይፈቅድላታል። ስለዚህ የሚለካው የሌላ ስፖርት ትንፋሽ ይሆናል። ሌላው ዘዴ ትርኢቱ እንዳበቃ ወዲያው የጋዝ ጭንብል አጥልቆ የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ትንፋሽ መለካትና ከዚያ ወደ ኋላ ማስላት ነው። ይህኛው ብልህ ነው፤ ሆኖም ትንፋሽ ተይዞ ከቆየ በኋላ የሚሳበው የመጀመሪያ አየር በሳንባና በደም ውስጥ የጎደለውን ኦክስጅን ለመሙላትም ጭምር ስለሚውል ስሌቱን ያዛባል ብዬ እሰጋለሁ።

ክለቦች በቀላሉ ሊሠሩት የሚችሉት የ200 እና የ400 ሜትር ነጻ ዋና ሰዓትን ማነጻጸር ነው። ልጄ 400ውን በ6 ደቂቃ፣ 200ውን በ2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ዋኘች። የርቀቱ ልዩነት 200 ሜትር፣ የሰዓቱ ልዩነት 190 ሴኮንድ ነው፤ 200ን ለ190 ስናካፍል በሴኮንድ 1.05 ሜትር ገደማ እናገኛለን፤ ይህም ለ100 ሜትር 1 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ማለት ነው። ወሳኝ ፍጥነት የሚባለው ይህ ቁጥር ድካም ሳይከማች ረዘም ላለ ጊዜ ሊቀጥል የሚችለውን ፍጥነት ይጠቁማል፤ ልምምድ ለማቀድም እጅግ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በነጻ ዋና ሰውነትን ወደፊት የሚገፋው በአብዛኛው እጅ ነው። የኤግቢተር እግር ስንት ደቂቃ እንደሚጸና ይህ ስሌት አይነግረንም። አውስትራሊያ ውስጥ ለውሃ ፖሎ ተጫዋቾች የተዘጋጀው የ10 ሜትር የመመላለስ ዋና ወደ ፍላጎታችን ይቀርባል፤ መዞርና ደጋግሞ መነሣት አለበትና። መገልበጥ ግን የለበትም።

ከዚህ ተነሥቼ ከልጄ ጋር የራሳችንን ፈተና ለመሥራት ተነሣን። አሠልጣኟ ቅሬታዬን በትዕግሥት ሰምታ ቅዳሜ ጠዋት ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት አንድ መስመር ፈቀደችልን፤ አራት ጓደኞቿም በወላጆቻቸው ፈቃድ ተጨመሩ። ከገንዳው ጫፍ 10 ሜትር ላይ ምልክት አደረግን። ልጅቷ 10 ሜትሩን በነጻ ዋና ትሄዳለች፤ ምልክቱ ላይ ስትደርስ ተገልብጣ እግሮቿን ቀጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ ስምንት እስኪቆጠር ትቆያለች፤ ከዚያ ቀና ብላ እጆቿን ከውሃ በላይ እንደያዘች 10 ሜትሩን በኤግቢተር ትመለሳለች። የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ዙር 40 ሴኮንድ ይፈቀድለታል። እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ዙር ነው፤ በመካከል 15 ሴኮንድ እረፍት አለ፤ በየደረጃው የዙሩ ጊዜ በ1 ሴኮንድ ያጥራል። የዙሩ ጊዜ ማለቁን የሚናገረው ድምፅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቀደማት ልጅ ታቆማለች። የልብ ምቱን የምናነበው በእረፍቱ መጨረሻ፣ ፊት ከውሃ ውጭ ከቆየ በኋላ ብቻ ነው።

ይህን የጊዜ ድምፅ የሰጠነው በውሃ ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ልጆቹ ሙዚቃውን ተዘቅዝቀው የሚሰሙት በእርሱ ነውና። ቆጠራውን ግን አሠልጣኟ በገዛ እጇ አደረገችው። በብረቱ መሰላል ላይ በማንኪያ ትመታለች፤ ድምፁ በውሃው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ገንዳው ዳር ተንበርክኬ ስመለከት አምስቱም ልጆች ያንን ምት ሲሰሙ የእግራቸው ጣት ሳይቀር ሲቃና አየሁ። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ ሁለት ጊዜ ስምንት 8 ሴኮንድ ይሆናል።

እነዚያን 8 ሴኮንዶች በማናቸውም ደረጃ አላስረዘምናቸውም፤ ወደፊትም አናስረዝማቸውም። ምክንያቱን በዝርዝር ልናገር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነውና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ቡዳፔስት በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊቷ አኒታ አልቫሬዝ የነጠላ ትርኢቷን እንደጨረሰች ራሷን ስታ ወደ ገንዳው ወለል ሰጠመች። አሠልጣኟ አንድሪያ ፉዌንቴስ እንደለበሰች ዘልላ ገብታ አወጣቻት። አልቫሬዝ ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ያ ምስል ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ትንፋሽ ሲያዝ «ውጪና ተንፍሺ» የሚለውን ግፊት የሚያመጣው በዋናነት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር እንጂ የኦክስጅን መጉደል አይደለም። አንድ ልጅ ከመጥለቋ በፊት ደጋግማ በኃይል ከተነፈሰች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጋ ታስወጣለች፤ ኦክስጅኗ ግን እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ግፊት ሳይመጣ ኦክስጅኗ ሊያልቅና ያለ ምንም ምልክት ራሷን ልትስት ትችላለች።

ትንፋሽ ይዞ መቆየትን የሚሸልም ፈተና ልጆችን ወደዚያ ይገፋቸዋል። አሥራ አራት ዓመት የሆናት፣ የቡድን ቦታዋን ለማስመለስ የምትታገል ልጅ ቁጥሩ ይጨምርላት እንጂ ምንም ከማድረግ አትመለስም፤ ይህንን በቤቴ አይቻለሁ። ስለዚህ በእኛ ፈተና ሥራው እየከበደ የሚሄደው በፍጥነት ነው፤ የትንፋሽ ይዞታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። የምንጠይቀውም ከውሃ በወጣች ጊዜ ባገኘቻት አጭር ፋታ ሰውነቷ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያገግም ነው፤ የኤሮቢክ አቅም፣ ማለትም ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል የማመንጨት አቅም፣ በዚህ ስፖርት ውስጥ ዋና ሥራው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁና። ከመጥለቅ በፊት በኃይል መተንፈስ ክልክል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ብቻ ትፈተናለች፤ የነፍስ አድን ሠራተኛውም ዓይኑን ከእርሷ ላይ አያነሣም።

ጉድለቶቹንም መደበቅ አልፈልግም። ልጄ በመጀመሪያው ቅዳሜ 7ኛው ደረጃ ላይ አቆመች። ከአራት ቀን በኋላ ስንደግመው 9ኛ ደረሰች። በአራት ቀን ውስጥ የማንም ሰው ልብና ሳንባ እንዲህ አያድግም፤ ያደገው ፈተናውን ማወቋ ነው፤ የት መፍጠን፣ የት መቆጠብ እንዳለባት ተምራለች። በሦስተኛው ሙከራ እንደገና 9ኛ ላይ ስታቆም ነው ቁጥሩን ማመን የጀመርኩት። አንድ ፈተና ያለ ምንም ሥልጠና በራሱ የሚዋዥቅበት መጠን በሥልጠና ይገኛል ተብሎ ከሚጠበቀው ለውጥ የሚበልጥ ከሆነ ለምንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ጉድለት ቴክኒክ ነው፤ መዳፏን በሚገባ መቅዘፍ ያልቻለች ጀማሪ ትንፋሽ ሳያጥራት ልትሰምጥ ትችላለች፤ ስለዚህ ይህ ፈተና ለጀማሪዎች አይሆንም።

ሦስተኛውን ያገኘችው ከልጄ ጓደኞች አንዷ ናት። በኤግቢተር ስትመለስ ትከሻዋን ትንሽ ዝቅ ካደረገች ሥራው በእጅጉ እንደሚቀልላት ደርሳበት ኖሮ፣ 8ኛው ደረጃ ላይ ውሃው አገጯ ድረስ መጥቶ ሳለ ምልክቱን በሰዓቱ ትደርስ ነበር። እኔ ሰዓት እያየሁ ስለነበር አላስተዋልኩም፤ አሠልጣኟ ናት ያየችው። ከዚያ ወዲህ ብብት ከውሃ በላይ መታየት እንዳለበት ደንብ አወጣን፤ ብብቱ የጠለቀበት ዙር አይቆጠርም። አንድ ሰው ሰዓትና ብብት አብሮ ማየት ስለማይችልም ሁለተኛ ተመልካች ያስፈልጋል።

ኦክስጅንን በኪሎ ግራም ክብደት የማካፈሉን ልማድም ከሩጫ የመጣ በመሆኑ አልወሰድኩትም። ሯጭ ክብደቱን በእያንዳንዱ እርምጃ ይሸከማል፤ ዋናተኛን ግን ውሃው ያግዛታል። ክብደት የማካፈያ ቁጥር ሆኖ በወረቀት ላይ በተጻፈ ጊዜ ሒሳቡን የሚያስተውሉ ልጆች ቁጥሩን ለማሻሻል ምግብ መቀነስ እንደሚበቃ ይደርሱበታል። በዋና ልብስ በዳኞች ፊት በሚቀረብበት ስፖርት ይህ ጭንቀት አስቀድሞም አለ፤ በፈተና ስም ልንጨምርበት አይገባም።

አምስት ልጆች ምንም አያረጋግጡም። ቢሆንም በጂምናዚየሙ ሩጫ ከአምስቱ ቀዳሚ የነበረችው ልጅ በገንዳው አራተኛ መሆኗን፣ ልጄ ደግሞ ሁለተኛ መሆኗን ለአሠልጣኟ ወረቀት ላይ አሳየኋት። ሩጫውን አልሰረዘችውም፤ ለቡድን መምረጫነት ብቻውን እንደማትጠቀምበት ግን ቃል ገባችልኝ። በመጪው መስከረም አሥራ አራቱንም ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ በገንዳው ልንፈትናቸው ተስማምተናል፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ሁለት የመለማመጃ ዙር ያገኛሉ። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ፤ ብብቱን የምትመለከት አንዲት እናት ተገኝታለች፤ ማንኪያው እንደ በፊቱ በአሠልጣኟ እጅ ይቆያል።